ስለ አሉቶ ለመስማት ናይሮቢ ድረስ

«ስንት ጉድጓድ ተቆፍሯል?» አላት ሰውየው፤ ፖስተሩን ገና አላነበበውም።

«በመጀመሪያው ዙር ስምንት፣ በኋላ ሁለት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ኬንያውያን የቆፈሯቸው አሉ።»

«እንፋሎት የሰጡትስ?»

ተማሪዋ ይኼንንም መለሰች። ከዚያ እጇን ወደ ካርታው ዘርግታ ዝዋይ አጠገብ ያለውን የአሉቶን ተራራ፣ ተራራውን የሚሰነጥቀውን የመሬት ስብራት፣ በስብራቱ ላይ ተሰልፈው እንፋሎት የሚተፉትን ቀዳዳዎች ልታስረዳው ጀመረች። ለመመረቂያ ጽሑፏ ስትል ወራት የፈጀችበት ሥራ ነው። ሰውየው በትዕግሥት አዳመጣትና የመጨረሻ ጥያቄዎቹን አከታተለ፦ ኤሌክትሪኩን መንግሥት በስንት ይገዛል? በዶላር ነው በብር? የመጀመሪያው ጉድጓድ ባዶ ቢወጣ ኪሳራው የማን ነው? መልስ እንደሌላት ሲያይ ካርዱን በትሕትና ሰጥቷት ቡና ወደሚቀዳበት ጥግ አመራ።

ይኼን ሁሉ ቆመው ሲያዩ የነበሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ሳቁ። አሉቶ ላይ የመጀመሪያው ቁፋሮ ሲካሄድ ገና ወጣት ባለሙያ ነበሩ፤ ዛሬ በአማካሪነት ከአገር አገር ይዞራሉ። «አየሽ የኔ ልጅ» አሏት፣ «ስለ ድንጋዩ እኮ አንድም ነገር አልጠየቀሽም።»

ቦታው ናይሮቢ ነው። በአዳራሹ ውስጥ የተሰበሰቡት ከስምጥ ሸለቆ ሥር የታመቀውን ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጥ ሥራ ያገናኛቸው ሰዎች ናቸው፤ ቆፋሪዎች፣ ተርባይን ሻጮች፣ የባንክ ሰዎች፣ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች። ከአዲስ አበባ የመጡት ተማሪዎች ጥቂት ናቸው። ጂኦሎጂ፣ ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል ምሕንድስና የሚያጠኑ ሲሆኑ አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪም አብሯቸው አለ። ጉዞውን ያቀናው መምህራቸው ለተማሪ የሚደረገውን የመግቢያ ቅናሽ ለምኖ፣ ከፊሉን የአውሮፕላን ትኬት ከዚህም ከዚያም አሰባስቦ፣ የቀረውን ቤተሰብ ሸፍኖት ነው የመጡት። ኬንያ ከኢትዮጵያዊ ቪዛ ስለማትጠይቅ ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ ያለው ሰው ብዙ አይቸገርም። ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን በረራ ሐይቅ ሲቆጥሩ ነው ያሳለፉት፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ። ጂኦሎጂስቶቹ ለቀሩት ጓደኞቻቸው «መስመሩን ተከተሉ፣ እስከ ኬንያ ያደርሳችኋል» ይሏቸው ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ሸለቆው አንድ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የዘርፉ ሰነዶች በሙሉ በዚያ ስለሚጻፉ።)

የዚህ ዓይነት ስብሰባ ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ አገሮች የጂኦተርማል ጉባኤ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። የመጀመሪያው በ2006 የተደረገው አዲስ አበባ ነበር። ከዚያ ኢንቴቤን፣ ጅቡቲን፣ ናይሮቢንና አሩሻን አዳርሶ በ2016 እንደገና አዲስ አበባ ገብቷል። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አስተናግዳለች ማለት ነው። በማስተናገድ ማንም አይቀድመንም።

የመክፈቻ ንግግሮቹን እዘላቸዋለሁ፤ የትም ቢደረጉ ያው ናቸው። ተማሪዎቹን ያስደነገጣቸው ጎን ለጎን የተዘረጋው ዐውደ ርእይ ነው። ጉባኤ ሲባል ትምህርት መስሏቸው ነበር የመጡት፤ ያገኙት ገበያ ነው። የቁፋሮ ጥርስ የሚሸጥ አለ፣ ሲሚንቶ የሚሸጥ አለ፣ የጉድጓድ አፍ የሚዘጋ ቫልቭ የሚሸጥ አለ፣ ኢንሹራንስ የሚሸጥም አለ። የሜካኒካል ተማሪው አንድ ቫልቭ ፊት ቆሞ ዋጋውን ሲሰማ «ይኼ መኪና ነው እንዴ?» ብሎ በአማርኛ ጮኸ። ሻጩ ቃሉን ባይረዳውም ነገሩ ገባውና ሳቀ።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አይከብድም፤ ዋና ከተማችን ራሷ የተቆረቆረችው በፍል ውኃ ዙሪያ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ ሲታጠቡ፣ ሶደሬና ወንዶ ገነት ሰው ሲዝናና፣ በየፍል ጠበሉ በሽተኛ ሲዘፈዘፍ የኖረው በዚሁ ሙቀት ነው። አፋር ውስጥ ደግሞ አርብቶ አደሩ እንፋሎት በሚወጣበት ስንጥቅ ላይ ድንጋይ ይከምርና ጤዛውን አጠራቅሞ ይጠጣዋል። ከናይቫሻ አጠገብ ባለው ኤቡሩ ተራራ የሚኖሩ ኬንያውያንም ይኼንኑ ያደርጋሉ፤ አንዱ ከሌላው አልተማረውም።

ለኤሌክትሪክ ግን ላይ ላዩ ፍል ውኃ አይበቃም። በስምጥ ሸለቆ የምድር ቅርፊት እየተለጠጠ ስለሚሳሳ ቅልጥ ዐለት ወደ ገጽ ይጠጋል። ከደጋው የዘነበው ዝናብ በስንጥቅ እየሰረገ ይወርድና በዚያ ይግላል። ከላይ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ የለወጠው ሸክላማ ንጣፍ ሲከድነው፣ ክዳኑ እንደ ገጠመ ድስት ይታመቃል። ቆፋሪው ይኼን ክዳን በስቶ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ፈሳሹ 200፣ አንዳንድ ቦታም ከ300 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንስና ከፊሉ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ ከውኃው ተለይቶ ተርባይን ያዞራል፤ ጨዋማው ውኃ በሌላ ጉድጓድ ወደ መጣበት ይመለሳል። ዝናብ ቢጠፋ፣ ነፋስ ቢቆም፣ ፀሐይ ብትጠልቅ አይቋረጥም። ያለበት አንድ ችግር ከታች ያለውን ሳይቆፍሩ ማወቅ አለመቻሉ ነው። አንድ ጉድጓድ ደግሞ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይበላል።

በአፍሪካ በዚህ ሙቀት ኤሌክትሪክ በማመንጨት ኬንያም ኢትዮጵያም የመጀመሪያ አይደሉም። በ1952 በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ካታንጋ ውስጥ፣ ኪያቡክዋ የሚባል ቦታ ለማዕድን ማውጫ የሚሆን 0.2 ሜጋ ዋት ተተክሎ ነበር፤ ከጂኦሎጂስቶች በቀር የሚያስታውሰው የለም።

ኬንያ ናይቫሻ አጠገብ ባለው ኦልካሪያ ላይ በ1956 መቆፈር ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ተስፋ አስቆረጡና ሥራው ቆመ። በ1970ዎቹ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ጥናቱ ሲቀጥል፣ ያው ድርጅት በኢትዮጵያም ስምጥ ሸለቆ ተመሳሳይ ጥናት ያካሂድ ነበር። ሁለቱ አገሮች አንድ መነሻ መስመር ላይ ቆመው ነበር ማለት ይቻላል። በ1981 ኦልካሪያ የመጀመሪያዋን 15 ሜጋ ዋት ስታመነጭ አሉቶ ላይ የመጀመሪያው ጥልቅ ቁፋሮ ተጀመረ። እስከ አሥር ዓመቱ አጋማሽ ስምንት ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀትም ተገኘ። ሙቀቱ ኦልካሪያ ካለው የሚያንስ አልነበረም።

ከዚያ ኬንያ ቀጠለች። ኦልካሪያ አንድ በ1985 ወደ 45 ሜጋ ዋት አደገ። ኦልካሪያ ሁለት በ2003፣ ኦልካሪያ አራት በ2014፣ ኦልካሪያ አምስት በ2019 ሥራ ጀመሩ። ዛሬ አገሪቱ ወደ 950 ሜጋ ዋት የሚጠጋ የጂኦተርማል አቅም አላት፤ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክም ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዚህ ነው። አሉቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ 7 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ የሙከራ ጣቢያ ተተከለለት። ጥቂት ሠርቶ ቆመ፤ በ2007 ተጠግኖ በከፊል ተነሣና እንደገና ቆመ።

ለምን? ተማሪዎቹ ናይሮቢ ውስጥ ይኼን ያልጠየቁት ሰው የለም። የተለመደው መልስ ገንዘብ ነው፣ ሌላው መልስ ጦርነት ነው፤ ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። እኔ ግን ሽማግሌው በምሳ ሰዓት የነገሩንን አምናለሁ። «ኬንያ የቀደመችን ውኃ ስላጣች ነው» አሉ። «እኛ ገንዘብ ባገኘን ቁጥር ወደ ወንዝ ነው የምንሮጠው። ማን ይፈርድብናል? ወንዙ ይታያል። የሚኒስትርን እጅ ይዘህ ወስደህ እዚህ ጋ ይወድቃል፣ ይኼን ያህል ይሰጣል ትለዋለህ። ከመሬት በታች ያለውን ግን እመነኝ ከማለት በቀር ምን ታሳየዋለህ?»

የኬንያ ወንዞች ጥቂት ናቸው። በ1999 እና 2000 የደረሰው ድርቅ ግድቦቿን አሟጥጦ አገሪቱን ለወራት ጨለማ ውስጥ ከተታት። ከዚያ በኋላ መንግሥት አንድ ወሳኝ ነገር አደረገ፤ በ2008 የጂኦተርማል ልማት ኩባንያ የሚባል የራሱን ድርጅት አቋቁሞ የመጀመሪያውን የቁፋሮ ኪሳራ ራሱ ለመሸከም ወሰነ። ድርጅቱ ይቆፍራል፤ እንፋሎት ከተገኘ እንፋሎቱን ለግል አመንጪዎች ይሸጣል፤ ካልተገኘ ኪሳራው የመንግሥት ነው። የኛም ግድቦች በ2009 ሲጎድሉ አዲስ አበባ በፈረቃ መብራት ታድር ነበር። ያንን ፈረቃ ያስታገሡልን ግን የባሰ ትልልቅ ግድቦች ናቸው። ዛሬም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪካችን ከውኃ ይመጣል፤ በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ነው። ይኼን ስኬት ማንም አይነቅፈውም። ሆኖም ለአሉቶ ትዕግሥት ያሳጣው ይኼው ስኬት ይመስለኛል።

ጉባኤው የመስክ ጉብኝት ነበረው፤ ለተማሪዎቹ የጉዞው ፍሬ እሱ ነው። አውቶቡሱ ናይሮቢን ለቆ የሊሙሩን የሻይ ተክል ካለፈ በኋላ መሬቱ ከእግር በታች ድንገት ይከፈታል። ፊት ለፊት ሎንጎኖት፣ በስተደቡብ ሱስዋ፤ ሁለቱም እሳተ ገሞራዎች ናቸው። በቁልቁለቱ ዳር ትንሽ የካቶሊክ ጸሎት ቤት አለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ የማረኳቸው ጣሊያኖች ይኼን መንገድ ሲሠሩ ያነጿት ናት። በመካከላቸው ከአገራችን ምድር የተማረኩ ብዙ ነበሩ። አንዱ ተማሪ «እኛ ጋ የጀመሩትን መንገድ እዚህ ጨረሱት» አለ።

ሸለቆው ግርጌ ሲደርሱ የኤሌክትሪካል ተማሪዎቹ ተነሥተው ቆሙ፤ በሜዳው ላይ የተደረደሩት የብረት ማማዎች ወደ ሱስዋ ይሄዳሉ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ባለ 500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ጅረት መስመር የሚያበቃው እዚያ ነው። እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። ኬንያ በኖቬምበር 2022 በ200 ሜጋ ዋት መግዛት ጀመረች፤ ስምምነቱ የ25 ዓመት ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ 400 ከፍ እንዲልም ተፈርሟል። የተስማሙበት ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ከግልገል ጊቤ የተነሣ ኃይል ኦልካሪያ ከሚያመነጨው ጋር የሚቀላቀለው እዚሁ አካባቢ ነው። «እነሱ ውኃ ይገዙናል፣ እኛ ከነሱ እንፋሎት እንማራለን» አለ የኢኮኖሚክስ ተማሪው። መምህሩ «መማሩን ከጨረስን ነው» ብሎ አቋረጠው።

ሱስዋ ሌላም ትምህርት አላት። ከቱርካና ሐይቅ አጠገብ የተተከሉት 365 የነፋስ ተርባይኖች፣ በድምሩ 310 ሜጋ ዋት፣ ኃይላቸውን የሚልኩት ወደዚሁ ጣቢያ ነው። ተርባይኖቹ በ2017 ተተክለው አለቁ፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መስመር ግን የደረሰላቸው በ2018 ነው። በመካከሉ መንግሥት ለማይመነጭ ኃይል ቅጣት ከፍሏል። ተማሪዎቹ ቅጣት የሚያስከፍል ውል ምን እንደሚመስል በየትኛውም የምሕንድስና መማሪያ መጽሐፍ ላይ አላዩም።

ኦልካሪያ ያለው ሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥና ዙሪያው ነው። የሜዳ አህያ መንጋ ካለፉ በኋላ የሚያብረቀርቁ ወፋፍራም ቧንቧዎች ይጀምራሉ። ኮረብታውን እየወጡና እየወረዱ ይጋደማሉ፤ በየጥቂት ርቀቱ ዙሪያ ጥምጥም ይታጠፋሉ። የሜካኒካል ተማሪው ይኼን የማስረዳት ዕድል አላመለጠውም፤ ብረት ሲግል ይረዝማል፣ መታጠፊያው ከሌለ ቧንቧው ራሱን ይሰብራል። ከፍ ብለው የታጠፉበት ምክንያት ግን ምሕንድስና ብቻ አይደለም፤ ቀጭኔዎች በሥራቸው እንዲያልፉ ነው። አየሩ የተበላሸ ዕንቁላል ይሸታል፤ ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣው የድኝ ጋዝ ነው። ራስ ቁርና ጫማ ተሰጥቷቸው የደኅንነት መመሪያ ተነገራቸው። ጋዙ ሲበዛ አፍንጫ ማሽተት እንደሚያቆም፣ ሽታው የጠፋ ዕለት መሮጥ እንዳለባቸው ሲሰሙ ቀልዱ ሁሉ ቆመ።

ተርባይኑ ያለበት አዳራሽ በድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ ማየት እንጂ መነጋገር አይቻልም። ብዙ የቆዩት ቁፋሮ ላይ ነው። ማማው ከሩቅ ይታያል። ሥራው ቀንም ሌሊትም አይቆምም፤ አንድ ጉድጓድ ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል። ፈረቃውን ጨርሶ የወረደ አንድ ኬንያዊ ቆፋሪ ከኢትዮጵያ መምጣታቸውን ሲሰማ ፊቱ በራ። አሉቶ ላይ ወራት ሠርቷል። የሚያውቀው አማርኛ ሁለት ቃል ነው፤ «ቀስ በል» እና «አይዞህ»። ለቁፋሮ ሌላ አያስፈልግም አለ።

የኬንያ ኃይል አመንጪ ኩባንያ ኬንጄን በ2019 አሉቶ ላይም፣ አርሲ ውስጥ ባለው ቱሉ ሞዬም ለመቆፈር ውል ወስዶ ነበር። በኋላ ጅቡቲም ቆፍሯል። አንድ ጊዜ ከውጭ ተቋራጭ፣ በቅርቡም ከቻይናውያን ጋር እየሠሩ የተማሩ ኬንያውያን ዛሬ ራሳቸው ተቋራጭ ሆነዋል። ቆፋሪው ለተማሪዎቹ ያስረዳቸው ስለ ጭቃ ነው። መቆፈሪያው ሲወርድ ከላይ ልዩ ጭቃ ይወርድለታል፤ ጥርሱን ያቀዘቅዛል፣ የተፈጨውን ድንጋይ ይዞ ይወጣል፣ የጉድጓዱን ግድግዳ ይደግፋል። አንዳንዴ የላከው ጭቃ አይመለስም። «ላይኛው ክፍል ላይ ከሆነ ችግር ነው፤ ቆመህ ትደፍናለህ» አለ። «ታች ከሆነ ግን ደስ ይለናል። ጭቃው የገባበት ስንጥቅ እንፋሎቱም የሚወጣበት ነው።» የጂኦሎጂ ተማሪዋ ማስታወሻ መያዝ አቁማ ነበር የምታዳምጠው። አሉቶ ላይ ስንጥቁን በኬሚስትሪ ስትፈልግ ነው የከረመችው፤ ይኼ ሰው በፓምፕ ነው የሚያገኘው።

ሽማግሌው ያን ጊዜ ዝም አሉ። ማታ ግን ተናገሩ፤ ሀርሊንግሃም በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ባንዱ በየዓይነቱ ቀርቦ። «አሉቶ ላይ እኛም ቆፋሪ ነበረን» አሉ። «ቁፋሮው ሲቆም ሰው ተበተነ። ከፊሉ ውኃ ጉድጓድ ገባ፣ ከፊሉ ወጥቶ ቀረ። ከዚያ አፋር ያለው ተንዳሆ በ90ዎቹ ተቆፈረ፤ እንደገና ቆመ። ከዚያ በኋላ እስከ 2010ዎቹ በመላ አገሪቱ ጥልቅ ቁፋሮ የለም። ዐሥራ አምስት ዓመት ያልቆፈረ ቆፋሪ ቆፋሪ አይደለም። እንግዲህ ሲያስፈልገን ከማን እንጠራ?»

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪው ችግሩ ሰው ሳይሆን ገንዘብ ነው ባይ ነው። ቱሉ ሞዬና ኮርቤቲ የተባሉትን የእንፋሎት ሥፍራዎች የያዙት የግል አልሚዎች ናቸው፤ ኤሌክትሪኩን ለመንግሥት ለመሸጥ በ2017 መጨረሻ ውል ፈርመዋል፤ እስካሁን አንዱም አላመነጨም። አልሚው የሚፈልገው ዶላር ነው፤ መንግሥት ከሕዝብ የሚሰበስበው ብር። የመብራት ታሪፋችን እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቷል። ብሩ ደግሞ በ2024 በገበያ ዋጋ መመንዘር ሲጀምር በዶላር የተዋዋለ ሁሉ ዕዳው በአንድ ቀን ከበደ። «ሰውየው ስለ ድንጋዩ ያልጠየቃት ለዚህ ነው» አለ፣ ወደ ጂኦሎጂ ተማሪዋ እያየ። «ድንጋዩ ጥሩ መሆኑን ያውቃል። ብሩን ነው የሚፈራው።»

እሷ ደግሞ ለኪሳራው መላ አለ አለች። በ2012 የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፣ ጀርመንና የአውሮፓ ኅብረት ያቋቋሙት ፈንድ ለገጽ ላይ ጥናት እስከ 80 በመቶ፣ ለመጀመሪያ ቁፋሮ እስከ 40 በመቶ ይሸፍናል። ጽሕፈት ቤቱም በአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ፣ አዲስ አበባ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲያቸው በታክሲ የሚደረስበት። ስለ ፈንዱ የሰማችው ግን ናይሮቢ መጥታ ነው። መምህሩ እንጀራውን እየጠቀለለ «እኔም» አለ፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ።

የእኔን ሐሳብ ለሚጠይቀኝ፦ ገንዘቡም ሰውም ነው። ነገር ግን ሁለቱ እኩል አይደሉም። ገንዘብ በብድርም በዕርዳታም ይመጣል፤ መጥቶም ያውቃል፤ ለአሉቶ ማስፋፊያ የዓለም ባንክ በ2014 ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ ብድር ፈቅዷል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ጭቃው ሲሰወር ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው ግን በብድር አይመጣም። ለወራት በውል ይመጣል፣ ውሉ ሲያልቅ «አይዞህ» ብሎ ይሄዳል።

ናይቫሻ ለኢትዮጵያዊ ዓይን ሌላም ነገር አላት፤ አበባ። በሐይቁ ዳር ኦሴሪያን የተባለው እርሻ ከኦልካሪያ ባንዱ ጉድጓድ ሙቀት ጽጌረዳ ሲያሞቅ ኖሯል፤ ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይቀር ለተክሉ ይሰጠው ነበር። አበባ ሌሊት ሲቀዘቅዝና ሲረጥብ ይሻግታል፤ ሙቀቱ መድኃኒትን ይቀንሳል። ድሮ በናይቫሻ ትልቅ እርሻ የነበራቸው የሸር ኩባንያ ሆላንዶች በኋላ የመጡት ዝዋይ ነው። የዝዋይ አበባ ቤቶች በአሉቶ ግርጌ ማለት ይቻላል ተዘርግተዋል፤ ኮረብታው ከላይ ይጨሳል፣ ጽጌረዳው ከታች ይበርደዋል። ለዚህ ደግሞ 300 ዲግሪ አያስፈልግም፤ ለተርባይን የማይበቃ ጉድጓድም ይበቃል። ከጉዞው ሁሉ በቶሎ ሊሠራ የሚችለው ነገር ይኼ ይመስለኛል። በጉባኤው አዳራሽ ግን ማንም ስለ አበባ አላወራም፤ ሜጋ ዋት ስለሌለው ይሆናል።

ኦልካሪያን እንደ ቅዱስ ስፍራ ማየትም አይገባም። ምድሩ የማሳይ ከብት አርቢዎች ነበር። ኦልካሪያ አራት ሲሠራ ከመቶ በላይ አባወራዎች በ2014 ወደ ሌላ ሰፈራ ተዛወሩ። የተሰጣቸው መሬት ገደላማ መሆኑን፣ ከገበያና ከሥራ መራቃቸውን ጠቅሰው ለዓለም ባንክ የአቤቱታ ሰሚ አካልና ለአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ አመለከቱ፤ ጉዳዩ በሽምግልና ተያዘ። አስጎብኚው ይኼን ሳይጠየቅ አልተናገረም፤ ሲጠየቅ ግን አልሸሸገም። የአሉቶ ተራራ ላይም ሰው ይኖራል፣ ያርሳል። ከተማሪዎቹ አንዱ እዚያ ዘመዶች አሉት፤ ጥያቄውን ያነሣውም እሱ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ሽማግሌውና የጂኦሎጂ ተማሪዋ አንድ ቅጽ ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው። አይስላንድ ከ1979 ጀምሮ ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎችን ስድስት ወር ታሠለጥናለች፤ ከኢትዮጵያም ከኬንያም ብዙዎች ሄደውበታል። አጫጭር ኮርሶቹ ደግሞ ናይቫሻ ይሰጣሉ። ለሥልጠናው የሚላኩት አብዛኛውን ጊዜ በመሥሪያ ቤት ያሉ ናቸው፤ እሷ ገና ሥራ አልያዘችም። ስለዚህ ቅጹን ከወዲሁ ለመለማመድ ነው የምትሞላው።

የትምህርት ዘርፍ በሚለው ቦታ «የጂኦተርማል ፈሳሾች ኬሚስትሪ» ብላ ጽፋ ነበር።

«ይኼንን ታውቂዋለሽ እኮ» አሏት።

«ጋሼ፣ ውጤቴ ያለው በሱ ነው።»

«አገርሽ ያሉት ኬሚስቶች ናቸው። ቆፋሪ የለም።»

«ሴት ቆፋሪ ማን ይቀጥራል?»

ሽማግሌው ለዚህ ወዲያው መልስ አላገኙም። ከዚያ ትናንት ማማው ሥር የደኅንነት መመሪያ የሰጠቻቸውን ኬንያዊት መሐንዲስ አስታወሷት፤ ማን ቀጠራት አሉ። ተማሪዋ ትንሽ አሰበችና ሰርዛ «የቁፋሮ ቴክኖሎጂ» ብላ ጻፈች። መምህሩ ከኋላ መጥቶ አየውና የድጋፍ ደብዳቤውን እንደገና መጻፍ ሊኖርበት ነው ብሎ አጉረመረመ።